ቤንዚን ሲያንጠባጥብ የሚያድር አሮጌ ሞተር፦ ከደሴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የደሴ ልጅ ነው፣ ሆጤ አካባቢ ይኖራል፣ ሥራው ግን ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ይመላለሳል። በጨረታ የወጣ አሮጌ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተር ሳይክል አለው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ከካርቡራተሩ፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ክፍል፣ ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል። ጠዋት መሬቱ ርሶ፣ ቤቱ ሸትቶ ያገኘዋል። አንድ ጋራዥ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብቶ ሰጠው፤ አራት ቀን ቆሞ እንደገና ጀመረው። ሌላ ጋራዥ «አሮጌ ነው፣ አዲስ የቻይና ካርቡራተር ግዛና ተገላገል» አለው። ጎረቤቱ ደግሞ «የደሴ ከፍታ ነው» ይለዋል። «የትኛውን ልመን?» ብሎ ነው የጻፈው።

አብሽር ወንድሜ። ካርቡራተርህን ገና አትጣለው። ግን ስለ እሱ ከማውራታችን በፊት ዛሬ ማታ የምታደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። መጀመሪያ እነሱን ጨርስ።

አንደኛው፣ ሩቢኔቱን ዝጋ። ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ሥር ያለችውን የቤንዚን መክፈቻና መዝጊያ ማለቴ ነው። ያንተ ሞተር ሲጠፋ ቤንዚኑ አብሮ አይዘጋም፣ በእጅ ነው የሚዘጋው። ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ እሷን ነክቷት የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰለህ። ማታ ዝጋት፣ ጠዋት ክፈታት። ጥገና አይደለም፣ ግን እስክንጠግነው ድረስ ይይዝልሃል። ዘግተሃትም ሌሊቱን የሚንጠባጠብ ከሆነ እሷም ራሷ አትዘጋም ማለት ነው፤ ይሄን በልብህ ያዝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

«ቤቱ ሸትቶ» ያልከው ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ሌባ ፈርተህ ሞተሩን ቤት ውስጥ እንደምታሳድረው ገብቶኛል፣ ብዙ ሰው እንደዚያው ነው። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ጥግ ይዞ ይተኛል። እኛ ደግሞ ጠዋት ተነስተን መጀመሪያ የምናደርገው ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ነው። ከሰሉም እጣኑም መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ትነቱ በተኛበት ማለት ነው። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ ሞተሩ ውጭ ይደር። በረንዳ ላይ በሰንሰለት እሰረው፣ ሸራ አልብሰው፣ ብቻ ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ አታሳድረው። ይሄን የምልህ ለማስፈራራት አይደለም፣ ልጆች ያሉበት ቤት ስለሚመስለኝ ነው።

ሁለተኛው፣ ዘይቱን እይ። ይሄን ያልነገረህ ጋራዥ ካለ ቅር ይለኛል። ሞልቶ የፈሰሰ ቤንዚን መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ወደ ውጭ፣ አንተ መሬት ላይ የምታየው። ሌላው ወደ ውስጥ ነው፣ በካርቡራተሩ ጉሮሮ አልፎ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ከዚያ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት አያለሰልስም፤ ብረት በብረት ላይ ይሄዳል። በአንዲት ትንሽ የካርቡራተር መርፌ የሚያልቅ ሥራ ሙሉ የሞተር ወጪ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ሞተሩን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። የዘይት መለኪያዋን አውጣ፣ ጥረጋት፣ ሳታጠብቃት አስገብተህ አውጣት። ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ፣ ዘይት ሳትጨምር ዘይት ከጨመረ፣ ያ ዘይት አይደለም። አሽትታት። ቤንዚን ከሸተተች ሞተሩን አታስነሳ፣ ዘይቱን ቀይር። አንድ ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ ወጪው ከሞተር ጥገና አይበልጥብህም። ጠዋት ኪኩን ስትረግጥ ደርቆ እምቢ ካለህ ደግሞ በጉልበት አትርገጠው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ቤንዚን ሊኖር ይችላል፣ ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም፣ የሚጣመመው ብረቱ ነው። ካንዴላውን፣ እሳት የሚሰጠውን፣ ፍታ፣ ቁልፉን አጥፋ፣ የካንዴላውን ገመድ ራቅ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ኪኩን ቀስ ብለህ ሁለት ሦስት ጊዜ እርገጥ። ቤንዚኑ በካንዴላው ቀዳዳ ይተፋል። ፊትህን አታስጠጋ፣ አጠገብህም ሲጋራ የያዘ ሰው አይኑር።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ።

ሮቶ አለህ አይደል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶና ኳሷን የማያውቅ የለም። ውኃው ሲገባ ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ ሲሞላ ክንዷ አፉን ትዘጋለች። ካልዘጋች ትርፉ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ካርቡራተር ውስጥ ያለውም ይኸው ነው፣ መጠኑ ያንሳል እንጂ። ከታች ትንሽ ገንዳ አለች፣ ውስጧ ተንሳፋፊ አለ፣ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ጫፏ ሾጠጥ ያለች መርፌ ወደ ላይ ገፍቶ የቤንዚኑን አፍ ይዘጋል። ያ መርፌና የሚቀመጥበት አፍ በደንብ ካልገጠሙ ሰልባትዮው ከላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል። ትርፉ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ገንዳዋ ውስጥ ቀጥ ብላ የቆመች ቀጭን የነሐስ ቱቦ አለች፤ የሞላውን ተቀብላ በታች በኩል ወደ ውጭ ታፈሳለች። መሬት ላይ የምታየው ቤንዚን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በእሷ ነው። እሷ ላይ ጨርቅ ወትፎ የመጣ ሞተር አይቻለሁ። ወንድሜ፣ እሷን መድፈን ቤንዚኑን በግድ ወደ ሞተሩ ሆድ መስደድ ነው።

ከፍታው ላይ ጎረቤትህ ግማሽ እውነት ይዟል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትሄዳለህ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋብሪካው ያስተካከለው ቤንዚን ለዚያ አየር ይበዛበታል፤ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቁር ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል። ይሄ ሁሉ የከፍታ ነው። ማንጠባጠብ ግን አይደለም። ተንሳፋፊው ደሴም ላይ ኮምቦልቻም ላይ እኩል ይንሳፈፋል፤ መርፌው ከዘጋ ዘጋ ነው። ደሴ ላይ የሚያንጠባጥብ ሌላ ነገር ካለ ከፍታው ሳይሆን ተዳፋቱ ነው። አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርገህ፣ በጎን እግሩ አጋድለህ ስታቆመው ገንዳዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን በአንድ ወገን ይከማቻል፣ ተንሳፋፊውም አብሮ ያጋድላል፤ ጤነኛው ካርቡራተር እንኳ ትንሽ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ምንም ምርመራ ከማድረግህ በፊት ለጥ ያለ ቦታ ፈልግ። ደሴ ላይ እሱም ሥራ ነው፣ አውቃለሁ፣ ኮምቦልቻ ስትወርድ አድርገው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከዚህ በሚቀጥለው ላይ ነው። ሰው «ካርቡራተሩ ያፈሳል» ይላል፣ ጋራዡም «እሺ» ብሎ ይፈታል። ከየት ነው የሚያፈሰው? ከዚያ ካርቡራተር ቤንዚን ሊወጣ የሚችልባቸው ቢያንስ አምስት ቦታዎች አሉ፣ ጠብታዋ ግን ሁልጊዜ የምትወድቀው ከዝቅተኛው ቦታ ነው፣ ማለትም የምትወድቅበትና የምትወጣበት አንድ አይደሉም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሩቢኔቱን እዘጋለሁ፣ ካርቡራተሩን ከውጭ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። ከዚያ የትምህርት ቤት ነጭ ጠመኔ አልሜ በለስላሳ ብሩሽ ዙሪያውን እነሰንሳለሁ፦ ሩቢኔቱ ላይ፣ የጎማ ቱቦው መግቢያ ላይ፣ ገንዳዋ ከላይኛው አካል ጋር የምትገናኝበት መስመር ላይ፣ ከታች የማፍሰሻ ቪቴዋ (ብሎኗ) ላይ። ሩቢኔቱን እከፍትና አየዋለሁ። ሞተሩን አላስነሳም። ቤንዚን የነካው ጠመኔ ወዲያው ይጠቁራል፣ መጀመሪያ የጠቆረበት ቦታ መልሱ ነው። አንድ ቀን «ሦስት ጊዜ ካርቡራተር አስፈታሁ» ያለኝ ሰው ሞተር ላይ መጀመሪያ የጠቆረው ከሩቢኔቱ ጀርባ ነበር፤ ቤንዚኑ በጎማ ቱቦው ላይ እየወረደ ካርቡራተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ካርቡራተሩ ምንም አልነበረበትም።

ጠመኔው የገንዳዋ መገናኛ መስመር ላይ ከጠቆረ ጓርኒሲዮኑ፣ መሃል ገብቶ እንዳያፈስ የሚያደርገው ጎማ ወይም ወረቀት፣ ነው። ከላይ የቱቦው መግቢያ ላይ ከሆነ ቱቦው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ አስገባው ወይም ቀይረው። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከታች ባለው አፍንጫ፣ ቱቦ በሚሰካበት፣ ከወጣ ግን ገና አልጨረስንም፣ ምክንያቱም ኬሂን የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው በብዙዎቹ ካርቡራተሮች ላይ፣ ያንተም ኬሂን ነው፣ በዚያች አፍንጫ በኩል ሦስት የተለያየ ችግር ይወጣል። ወይ መርፌው አይዘጋም፣ ወይ ያቺ የቆመች የነሐስ ቱቦ ተሰንጥቃለች፣ ወይ የማፍሰሻ ቪቴዋ በደንብ አልጠበቀችም። ሳይፈታ መለየት ይቻላል።

የጉሉኮስ ቱቦ ግዛ። ፋርማሲ ያለችው፣ ያልተጠቀሙባት፣ ብርሃን የምታሳልፈው። ከሰላሳ እስከ አርባ ሴንቲ ሜትር ቁረጥ፣ አንዱን ጫፍ ታችኛው አፍንጫ ላይ ሰካ፣ ሌላውን ወደ ላይ አጥፈህ ከካርቡራተሩ ጎን ቀጥ አድርገህ ያዝ። አሁን የማፍሰሻ ቪቴዋን ሳትነካ ሩቢኔቱን ክፈትና ቱቦውን ተመልከት። ምንም ካልገባበት በዚያች ሰዓት ሁሉም ደህና ነው። ቤንዚን ገብቶ ከገንዳዋ መገናኛ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀጥ ካለ መርፌህ እየዘጋ ነው፣ የሚያስቸግርህ የተሰነጠቀችው የነሐስ ቱቦ ወይም ቪቴዋ ናት። መስመሩን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ግን መርፌው አይዘጋም፤ ቶሎ ሩቢኔቱን ዝጋ፣ አለበለዚያ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ቪቴዋን ግማሽ ዙር ፍታና ከፍታውን ለካ፤ በአብዛኛው ካርቡራተር ከመስመሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ጉሉኮስ ቱቦዋ ቤንዚን ሲነካት ትደርቃለች፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ናት፣ ለዘለቄታው እንዳትሰካት።

ይሄን ሁሉ ሳታደርግ ቶሎ ማወቅ ከፈለግህ፣ እያንጠባጠበ ሳለ ገንዳዋን ጎኗን በካቻቢቴ እጀታ፣ በፕላስቲኩ በኩል፣ ቀስ አድርገህ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጋት። ወዲያው ካቆመ መርፌው ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል ወይም ተጣብቋል። መንገድ ላይ ሐረጎ መሃል ቢጀምርህም ይሄ ቤትህ ያደርስሃል። ግን ቆሻሻው ገና እዚያው ውስጥ ነው።

እንግዲህ መርፌው ነው እንበል፣ ካልከው ተነስቼ እኔም እሱን ነው የምጠረጥረው። ካርቡራተሩን አውጣና ገልብጠው። የገንዳዋ ቪቴዎች እንደ መስቀል የተቀረጹ ናቸው፣ የጃፓን ናቸው፣ ቅርጻቸው ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ትንሽ ይለያል፤ ሾጣጣ ካቻቢቴ ከተጠቀምክ ይዘላልና ጭንቅላቱን ይበላዋል። ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ሞልቶ የሚቀመጥ ፈልግ። መጀመሪያ ካቻቢቴውን አስቀምጠህ ጀርባውን በመዶሻ አንዴ ቀስ አድርገህ ምታ፣ ከዚያ እየተጫንክ አዙር።

ገንዳዋ ስትወርድ ውስጧን ሳትደፋ እይ። ሥሯ ላይ የተኛው ነገር ብዙ ይናገራል። እንደ ሚጥሚጣ የላመ ቀይ ነገር ከሆነ ሰልባትዮው ዝጓል። ክብ ክብ እያለ የሚንከባለል ጠብታ ከሆነ ውኃ ነው። ቀጫጭን ነጭ ወይም ቀይ ክር ከሆነ ደግሞ ያ የቀቡልህ ሲሊኮን ነው። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፦ ካርቡራተር ላይ ተራ ሲሊኮን አይቀባም። ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ይለሰልሰዋል፣ ከዚያ እየተላጠ ወደ ውስጥ ይገባና ፀጉር የማታልፍበትን የሚኒሞ ቀዳዳ፣ ጋዝ ሳትሰጠው ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኝባትን፣ ይደፍናል። አራት ቀን ያቆመልህ ሳይሆን አራት ቀን ያዘገየብህ ነው። ያለውን ሁሉ በጥፍርህና በእንጨት ፋቅ፣ በብረት አትፋቅ፣ አልሙኒየሙ ይጫራል።

ተንሳፋፊውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ አለች፣ በሁለት ትናንሽ ምሰሶዎች መሃል ያለፈች። ተጠንቀቅ። ምሰሶዎቹ ደካማ ናቸው፣ ከካርቡራተሩ አካል ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ ናቸው፣ አንዱ ከተሰበረ ካርቡራተሩ አለቀለት። ተለማማጅ ሳለሁ በጉልበት ገፍቼ አንዱን ሰብሬያለሁ፣ ባለቤቱ ፊት ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ዘንጓ እምቢ ካለች ዘይት አንጠባጥብባት፣ ጠብቅ፣ ምሰሶውን ከሥር በጣትህ ደግፈህ ቀስ አድርገህ ግፋ።

አሁን መርፌዋ እጅህ ላይ ናት። ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ብርሃን ላይ ያዛት። ጫፏ ጥቁር ጎማ ከሆነ ዙሪያውን በጥፍርህ ጫፍ ዳሰስ አድርጋት። ለስላሳና እኩል መሆን አለባት። ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለባትና ጥፍርህን ከያዘው፣ ወይም ጎማው እንደ ድንጋይ ከደረቀ፣ አልቃለች። ከጀርባዋ ያለች ትንሽ ጫፍ በሞላ (በስፕሪንግ) ትገፋለች፤ ተጫንና ልቀቃት፣ ተመልሳ መውጣት አለባት። የምትቀመጥበትንም አፍ እይ። በጆሮ ጥጥ ትንሽ የጥርስ ሳሙና ነክተህ አፉ ውስጥ በጣትህ እያሽከረከርክ አጽዳው፣ እስኪያብለጨልጭ፣ ከዚያ በደንብ በቤንዚን አጥበው። አንዳንዱ ካርቡራተር ላይ ይሄ አፍ ይፈታል፣ አንዳንዱ ላይ ተጠቅጥቆ የገባ ነው፤ የማይፈታውን ለመፍታት አትታገል።

ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ አንቀጥቅጠው። ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ነገር ከሰማህ ተበስቷል፣ ከብዷል፣ ስለዚህ አይንሳፈፍም፣ መርፌው ቢታደስም አይዘጋም። የነሐስ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ ድፈቀው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ በተበሳው በኩል ትንንሽ አረፋ ይወጣል፣ ቀዳዳው እሱ ነው። መበየድ ይቻላል፣ ግን ቤንዚኑ ጠብታ ሳይቀር ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ሽታው ጠፍቶ ነው። ቤንዚን ያለበትን ተንሳፋፊ እሳት አጠገብ ያመጣ ሰው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ፕላስቲክ ከሆነ አትልፋ፣ ቀይረው።

ስትመልሰው ከፍታውን ሳትለካ አትግጠም። ካርቡራተሩን አጋድለህ ያዝ፣ የተንሳፋፊው ምላስ መርፌዋን ልክ ሲነካ፣ ሞላዋን ሳይጫን፣ ከጓርኒሲዮኑ ማረፊያ እስከ ተንሳፋፊው ሆድ ያለውን ለካ። ቁጥሩ በሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ፣ ለየሞዴሉ ይለያያል፣ የሌላ ሞተር ቁጥር አይሠራም። ምላሷ ብረት ከሆነች በጥቂቱ በማጠፍ ይስተካከላል። ተንሳፋፊው ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ አይታጠፍም፣ ልኩ ካልመጣ መርፌው ወይም አፉ ነው ችግሩ። ሞተሩ ቆሞ ሳይሆን ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ብቻ የሚያፈስ ከሆነም የምጠረጥረው ይሄን ነው፤ ከፍታው ልክ ጫፉ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሲናወጥ ይሞላል።

ገንዳዋን ባዶዋን ቤንዚን ሙላባትና ወረቀት ላይ ይዘሃት ጠብቅ፣ አምስት ደቂቃ። ከሥሯ ካንጠባጠበች ያቺ የነሐስ ቱቦ ወይም ቪቴዋ ናት። የጎማ ጓርኒሲዮኗ ስትወጣ አብጣ አልገባም ብትልህ አትጣላት፣ ቤንዚን ነው ያሳበጣት፣ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ስታድር ብዙ ጊዜ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። የወረቀት ከሆነች ግን የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝተህ ገንዳዋን በላዩ አስቀምጠህ በመቀስ መቁረጥ ትችላለህ። ለውስጥ ቀዳዳዎቹ ቦታ መተውህን አረጋግጥ።

ይሄን ሁሉ ሠርተህ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቢጀምርህ አትገረም፣ ሰልባትዮውን ካልነካህ ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መርፌዋን የገደላት ዝገትና አቧራ ከላይ ነው የመጣው። ከሐይቅ የመጣ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ በአንድ ክረምት ሦስት አዲስ መርፌ ቀይሯል። ሩቢኔቱን አውጥቼ ሳየው የውስጥ ወንፊቱ ተቀዷል፣ ሰልባትዮው ሥሩ ቀይ ጭቃ ነበር። ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ ከመንገድ በሃይላንድ ገዝተን እናስገባለን፣ ጄሪካኑ ምን እንደነበረበት አናውቅም። እንደዚያ ስትገዛ ሃይላንዱን አስር ደቂቃ አስቀምጠው፣ ብርሃን ላይ እይ፣ ሥሩ ላይ የተለየ ነገር ከታየ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል አትገልብጠው። የዛገ ሰልባትዮ ለማጠብ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ ሩቢኔቱን ፍታና ቀዳዳውን ድፈን፣ አቼቶ ሞልተህ አንድ ቀን አሳድረው፣ አንድ እፍኝ ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) አስገብተህ አንቀጥቅጠው፣ ድፋው፣ ቤኪንግ ሶዳ በበረታበት ውኃ እጠበው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቀው። እርጥብ ካደረ በማግስቱ መልሶ ይዝጋል። ሲደርቅ ትንሽ የሞተር ዘይት አስገብተህ አገላብጠው። ሩቢኔቱም ዘግተሃት የምታፈስ ከነበረች ውስጧ ያለችው ጎማ አልቃለች፣ አሁን ቀይራት፣ ወንፊቷንም አብረህ። ከሩቢኔቱ በታች ቱቦው መሃል ትንሽ ፊልትሮ ጨምር፣ ፍሰቱን ጠቋሚ ቀስቷ ወደ ካርቡራተሩ ትዙር።

አዲሱ የቻይና ካርቡራተር ላይ ያለኝ ሐሳብ እንዲህ ነው። የአንተ የድሮ ኬሂን አካሉ ካልተሰበረ፣ ጋዝ ስትሰጥ ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደው ጋዟ በጣም ካልተንገጫገጨች፣ መርፌና ጓርኒሲዮን ቀይረህ እሱን ያዘው። አዲሱ ሊሠራ ይችላል፣ ሰዎች እየነዱበት ነው፣ ግን ለአንተ ሞተር የተስተካከለ አይደለም፣ ቤንዚኑን እየለኩ የሚያሳልፉት ቀዳዳዎቹ ለሌላ ሞተር ናቸው፣ አንተ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ነህ፣ ከስንት ሙከራ በኋላ ነው የሚስተካከልልህ። በዚያ ላይ ሰልባትዮው ካልታጠበ አዲሱም በወሩ ያንጠባጥባል። መርፌ ስትገዛ የድሮዋን ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስተያያት፣ ርዝመቷም የሾጣጣነቷም መጠን አንድ መሆን አለበት። «ትሆንሃለች» የሚልህን አትስማ።

ቀዳዳዎቹን ደሴ ላይ ጥቁር ስለሚያጨስ ብለህ በትንሽ ቁጥር ልታስቀይር ከፈለግህ አስብበት። ደሴ ላይ ደስ ይልሃል። ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌ ከወረድክ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ከሆንክ አንድ ደረጃ መቀነስ ይበቃል።

ስትጨርስ ሩቢኔቱን ክፍት አድርገህ ለአንድ ሌሊት ሞክረው፣ ግቢ ውስጥ፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ነጭ ካርቶን አንጥፈህ። ጠዋት ካርቶኑን ብቻ እንዳታይ። የዘይት መለኪያዋንም አውጥተህ አሽትት፤ ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚኑ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ያኔ የጉሉኮስ ቱቦውን እንደገና ሰክተህ የት ላይ እንደቆመ ጻፍልኝ።